ከሣር አምባ ገደል ሥር እስከ ጠፍ ሜዳ፦ የዶክተር ቴዎፍሎስ ገብረ አማኑኤል የሕይወት ታሪክ

(በታናሽ እህታቸው በሙሉመቤት ገብረ አማኑኤል የተዘጋጀ፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም.)

ዶክተር ቴዎፍሎስ ገብረ አማኑኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ አማኑኤል ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮከቤ ወዳጆ፣ በመንዝ፣ ከዘመሮ በስተምዕራብ በምትገኘው በሣር አምባ ኪዳነ ምሕረት ደብር ታኅሣሥ 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ሣር አምባን ለማታውቁ ለቀስተኞች፣ ደብሩ የሚገኘው ከደጋው ሜዳ ቁልቁል ወርዶ፣ ከገደሉ ሥር እንደ መደብ በተዘረጋ መሬት ላይ ነው። ከላይ ገደሉና ዳገቱ፣ ከታች የወንዙ ሸለቆ ነው። ውርጭ ስለማይደርስበት ስንዴውም ባቄላውም ያምራል፤ ሰዉም በዚህ ሲኮራ ኖሯል።

መሪጌታ ገብረ አማኑኤል የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ቴዎፍሎስም ፊደል እንደ ለዩ የአጽዋማትንና የበዓላትን ማውጫ በጣታቸው አንጓ መቁጠር ተማሩ። አባትየው ዘመን ሁሉ ዞሮ በዐቢይ ቀመር፣ ማለትም በአምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ወደ መነሻው እንደሚመለስ ሲያስረዷቸው፣ ልጅየው «የማይመለስስ ነገር የለም ወይ?» ብለው ጠየቁ ይባላል። መሪጌታ የሰጡት መልስ አንድ ኩርኩም ነበር። ኩርኩሙ ቶሎ ተረሳ፤ ጥያቄው ግን ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም።

መደበኛ ትምህርታቸውን በዘመሮ ጀምረው በመሐል ሜዳ ቀጠሉ፤ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ብርሃን አጠናቀቁ። በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1974 ዓ.ም. በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በማግሥቱ ዓመት የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጓዙ፤ በዚያም ሰባት ዓመት ቆይተው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው በ1982 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያመጡት ሁለት ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍና ለእናታቸው አንድ የሱፍ ሻርፕ ነበር። ዘመድ ሻንጣዎቹ ሲከፈቱ አጠገባቸው ተሰብስቦ እንደነበረና ቶሎ እንደተበተነ መግለጽ ተገቢ ነው።

የምርምር ሙያቸው ዳይናሚካል ሲስተምስና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይባላል። ስሙ ይክበድ እንጂ ራሳቸው ሲያስረዱት ቀላል ነበር። አንድ ነገር ዛሬ የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ከታወቀ፣ ነገና ከርሞ የት እንደሚደርስ የሚያሰላ ትምህርት ነው ይሉ ነበር። ጣባ አስመጥተው ሽምብራ ይጥሉበታል፤ ሽምብራዋ ወዲያ ወዲህ ብላ መሐሉ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ጣባውን ይገለብጡና ሽምብራዋን አናቱ ላይ ያቆሟታል፤ ጥቂት ትቆይና ትንፋሽ ሲነካት ተንከባልላ ከመደቡ ሥር ትገባለች። ሁለቱም ቆመው ይታያሉ፣ ልዩነታቸው የሚታወቀው ሲነኩ ነው ይሉ ነበር። ወይዘሮ ኮከቤ ይህን ካዩ በኋላ፣ «እንግዲህ የሚወድቅ ነገር እንደሚወድቅ ለማወቅ ነው ሰባት ዓመት ሙሉ በረዶ ላይ የከረምከው?» ብለው ቤቱን አሳቁት። ዶክተር ቴዎፍሎስም ስቀው፣ ያስቸገራቸው መቼ እንደሚወድቅ ማወቁ እንደሆነ መለሱላቸው።

በሙያ ጓደኞቻቸው ዘንድ የታወቁት ዘግይቶ የሚሠራን ምክንያት በቀመር ውስጥ በማስገባት ነው። ዛሬ የተደረገ ነገር ውጤቱ ዛሬ ካልታየ ሰው ነገሩ ያለፈ ይመስለዋል። እሳቸው ግን ያላለፈውን ነገር በትዕግሥት ያሰሉ ነበር። በዚህ ርእስ የጻፏቸው ጥናቶች በውጭ አገር መጽሔቶች ታትመዋል፤ ያስተማሯቸውም ልጆች ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው በመምህርነት ያገለግላሉ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተማር ላይ ነበሩ፤ በዚያው ሥራቸው ቀጠሉ። በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ እፀገነት በዕውቀቱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው አርሴማንና ጽናትን ወለዱ። በቤታቸው ጨዋታ ወዳድ፣ በመንገድ ግን የጠፉ ሰው ነበሩ። ሐሳብ ይዟቸው የሚወርዱበትን አልፈው፣ ታክሲው መጨረሻ ላይ ሲያራግፋቸው የት እንዳሉ ረዳቱን የሚጠይቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ወይዘሮ እፀገነት ምሳ የሚያቀርቡት የሚመጡበትን ሰዓት ገምተው ሳይሆን መጥተው ሲያዩዋቸው ነበር።

መሪጌታ ገብረ አማኑኤል በ1990 ዓ.ም. አርፈው በሣር አምባ ዐጸድ በተቀበሩ ዕለት፣ ለቀስተኛው ሲበተን ዶክተር ቴዎፍሎስ ብቻቸውን ወደ ገደሉ አፋፍ ወጡ። በዳገቱ አናት ላይ፣ በሣር ተሸፍኖ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ንቃቃት አዩ። ከብት ጠባቂዎች ቀድሞም ያውቁታል፤ ከቁም ነገር የቆጠረው ግን አልነበረም። ወደ ቤት ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ቤተሰቡ የአባት ሐዘን ነው ብሎ ምንም ሳይጠይቃቸው ቀረ።

በ1991 ዓ.ም. ዳገቱን አቋርጠው፣ ከአንዱ ጽኑ ቋጥኝ እስከ ሌላው ቋጥኝ፣ የብረት ችካሎችን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ቸከሉ። ዳገቱ ከተንቀሳቀሰ መሐሉ ላይ ያሉት ችካሎች ከመስመሩ ወደ ታች ይወጣሉ፤ በየዓመቱ በወጡበት ልክ የመሬቱ ፍጥነት ይታወቃል። ይህን ሲያደርጉ ለምን እንደሆነ ለአገሬው አልተናገሩም። ገና ያልተረጋገጠ ነገር ተናግሬ ሰዉን ለምን አሸብራለሁ ብለው ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ እየመጡ ሲለኩ ችካሎቹ ሁሉ እንደ ተቸከሉ መስመራቸውን ይዘው አገኟቸው። አንድም ስንዝር ያፈነገጠ የለም።

ከዚህ በመነሣት በ1996 ዓ.ም. አንድ ጥናት አሳተሙ፤ ዳገቱ ተሰንጥቆም ቢሆን ከመንቀሳቀስ እንዳረፈ በቀመር አሳዩበት። ጥናቱ በባሕር ማዶ ጉባኤ ተመሰገነ። በዚያው ዓመት የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመው ዳገቱ እንደማያሰጋ፣ ሥሩ ቤት መሥራትም እንደሚቻል ነገሩት። ሴቶቹ እልል አሉ። የእርሻ መሬት ጠቦ ስለነበር፣ ማሳውን ለእህል ትተው ቤታቸውን ወደ ዳገቱ አስጠግተው የሠሩ ብዙዎች ናቸው። ዶክተር ቴዎፍሎስም ለእናታቸው ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት እዚያው አሠሩላቸው።

ነሐሴ 9 ቀን 1998 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ ሕዝቡ በቅዳሴ ላይ እያለ፣ የዳገቱ አንዱ ትከሻ ተናደ። ቤተ ክርስቲያኑን አልነካውም። ወይዘሮ ኮከቤ ጉንፋን ይዟቸው ከቤት አልወጡም ነበር። ናዳው ቤቱን ከነቅጥሩ ውጦት፣ ከላዩ ላይ የአፋፉ ሣር ሳይገላበጥ እንደ ለመለመ ተቀምጦ ነበር። አገሬው በዶማና በአካፋ ሰነበተበት፤ አስከሬናቸው አልተገኘም። እናታችን ዛሬም እዚያው ናቸው።

በእናታቸው አርባ ላይ፣ የአገሩ ሽማግሌ አቶ ትዕዛዙ ፈንታ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በሰው ሁሉ ፊት የሚከተለውን ተናገሩ። «በሽግሽጉ ጊዜ መሬታችን በገመድ ሲለካ፣ በችካል ሲከፈል አይተናል። ይህ ልጅ መጥቶ ብረት ሲቸክል ወሰን ነው አልን። ከክረምት በኋላ መሐሉ ላይ ያሉት ወደ ታች ወርደው ሳገኛቸው፣ የላይኛው ባለ መሬት የታችኛውን ገፋ ሊባል ነው፣ ዱላ ሊማዘዙ ነው ብዬ ፈራሁ። ወሰን የገፋ ርጉም ነው። በየመስከረሙ ገመድ እየወጠርኩ፣ እየነቀልኩ ወደ መስመሩ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ሰው እንዳይጋደል ብዬ ነው፤ ሰው አስገደልኩ።»

ጥር ሲደርስ ሣሩ የተነቀለውን ቦታ ሸፍኖት ይቆይ ነበር። በሽግሽጉ ማግሥት፣ በመንዝ መሬት፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሽማግሌ ከዚህ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ዶክተር ቴዎፍሎስ ተነሥተው አቶ ትዕዛዙን ጉልበታቸውን ሳሟቸው። ለምን እንደቸከሉት አለመናገራቸው ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነም ለጉባኤው ተናገሩ። በኋላ ለተማሪዎቻቸው፣ ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዜሮ ለማንም ሰጥታ አታውቅም፣ ዜሮው እጅግ ሲያምር መጠርጠር ነበረብኝ እያሉ ያስተምሩ ነበር።

ቀድሞ የታተመው ጥናታቸው ስሕተት መሆኑን በ1999 ዓ.ም. በስማቸው ጽፈው እንዲሻር አደረጉ። ዝም ብለው ቢተዉት የሚያውቅባቸው እንደሌለ የመከሯቸው ባልደረቦች ነበሩ፤ መሻሩም በማዕረግ ዕድገታቸው ላይ ጥላ አጥልቷል። በ2000 ዓ.ም. ለዳገቱ ለመቅረብ ብለው ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወሩ። ችካሉን እንደገና ቸከሉ፤ በዚህ ጊዜ ለምን እንደሆነ ለሕዝቡ አስረድተው፣ ጠባቂውንም አቶ ትዕዛዙን አድርገው ነው። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍየል እንኳ ችካሎቹ አጠገብ ድርሽ አላስባሉም።

ያኔ ዳገቱ መናገር ጀመረ። በ1998 ዓ.ም. የተናደው ከትልቁ ክፍል የተቆረሰ ጥቂት ነገር ነበር። ዋናው፣ ከደብሩ በላይ ያለው፣ በየዓመቱ ካለፈው ዓመት የበለጠ ይወርዳል። በመሐል የሚደክም መስሎ ይታይና፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ያለፈውን ሁሉ አካክሶ ይነሣል። ዘግይቶ የሚሠራ ምክንያት የተባለው ይኸው ነው፤ የዘንድሮ ዝናብ ወደ ውስጥ ሰርጎ ሥራውን የሚሠራው ለከርሞ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሒሳቡን ጨርሰው ለቤተሰብ ነገሩ። የሚናድበትን ቀን መናገር አይቻልም፣ ዳገቱ መሄዱን ግን አይተውም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜያቸው ያለቀው ሣር አምባን ከገደሉ ሥር ለማውጣት ሲማስኑ ነው። የመረጡላትም ቦታ ዛሬ የቆምንበት ይህ ጠፍ ሜዳ ነው። ከገደሉ በላይ፣ ከአፋፉ ርቆ፣ ጽኑ አለት ላይ ያለ ሜዳ ነው። ውርጩና ነፋሱ ግን ይታያችኋል፤ ከገብስና ከበግ በስተቀር የሚያኖር ነገር የለውም። በየቢሮው አመለከቱ፤ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል መልስ ሰጧቸው፤ እስከ ዛሬም እየታየ ነው። ሕዝቡን ሲለምኑ ደግሞ ታቦቱ ይቅደምና እንከተላለን አላቸው። የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ሰላም መርስዔ ኃዘን በበኩላቸው፣ ሕዝብ በሌለበት ሜዳ ታቦት ለማን ይገባል፣ ሕዝቡ ይቅደም አሉ። በዚህ መሐል ክረምት ገብቶ ክረምት ወጣ።

ከሁሉ የከበዳቸው ግን አንድ ጥያቄ ነበር። «ያኔ አይነካችሁም ብለኸን ነበር። ያኔ ከተሳሳትክ፣ ዛሬስ ላለመሳሳትህ ማን ዋስ ይሁንህ?» ይሏቸዋል። ሲሳሳቱ እልል ያለላቸው አገር፣ እውነቱን ሲናገሩ ፊቱን አዞረባቸው። አቶ ትዕዛዙ ብቻ ቤታቸውን አፍርሰው ወደዚህ ወጡ፤ ለብቻቸው ውርጭ ሲጠጡ ይኸው አራት ዓመታቸው ነው።

በዕድሜ የገፉት እማማ ገበያነሽም አንድ ቀን ለዶክተር ቴዎፍሎስ እንዲህ አሏቸው። «ልጄ፣ ሜዳውስ ሜዳ ነው። ግን አንድ እንኳ የምናውቀው ሙት የለበትም። አባቶቻችን እታች፣ እናትህ እታች። ሰው ሙት በሌለበት መሬት አገሬ ብሎ እንዴት ይኖራል?»

በጥቅምት 2007 ዓ.ም. የጉበት ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። በአዲስ አበባ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ገለጹላቸው። ሊጠይቋቸው ለሚመጡ ሁሉ፣ ከእኔና ከዳገቱ ማን እንደሚቀድም አላውቅም፣ እሽቅድምድም ላይ ነን ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ይስቃሉ፤ የሚስቅላቸው ግን አልተገኘም። አቅም እያላቸው በበቅሎ እየወጡ፣ ኋላም በሰው ተደግፈው፣ ችካሉን መለካት አላቋረጡም።

የዓምናው ድርቅ ንቃቃቱን አፉን አስከፈተው። በዘንድሮው በልግ ደግሞ ዝናቡ ሳያቋርጥ ዘነበበት፤ ከድርቅ በኋላ የሚመጣ ዝናብ ከሁሉ የሚፈሩት ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ የደብሩ ምንጭ ደፍርሷል። የቤተ ክርስቲያኑ የምዕራብ በር አልገጥም ብሎ በገመድ ይታሰራል። ከዳገቱ ያሉት ጽዶች ሁሉ ወደ አንድ ወገን አዘምመዋል። በሰንበት፣ ቅዳሴው ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ከመሬት በታች እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ የሰማችሁ ከመካከላችሁ አላችሁ፤ ያልሰማችሁ በመምሰል ወደ ቤታችሁ ሄዳችኋል። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ዶክተር ቴዎፍሎስ በመጨረሻው ወር ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አቶ ትዕዛዙንና መልአከ ሰላም መርስዔ ኃዘንን አስጠርተው፣ የሚቀበሩበት ቦታ ጠፍ ሜዳ እንዲሆን ለመኑ። ወይዘሮ እፀገነት መሪር እንባ አለቀሱ፤ ሰው ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ፣ ከአባቱ ጎን ተለይቶ፣ እንደ ባይተዋር በነፋስ መሐል እንዴት ይቀበራል? ካህናቱም ከበዳቸው። እናቴን ጥዬ ከዚያ መሬት አልለይም የሚል ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ግን፣ ሣር አምባዎች እዚያ ላይ አንድ የሚያውቁት ሙት ይኑራቸው ብለው ከሐሳባቸው ፈቀቅ አላሉም። መልአከ ሰላም ለሀገረ ስብከቱ አመልክተው ፈቃድ ካገኙ በኋላ ቦታውን በጸሎትና በጠበል ባረኩት። ጉድጓዱ የተቆፈረው አቶ ትዕዛዙ በለቀቁት የገብስ ማሳ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ዶማ ያሳረፉትም ራሳቸው ናቸው።

ዶክተር ቴዎፍሎስ ገብረ አማኑኤል በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ግንቦት 19 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ እፀገነት በዕውቀቱን፣ ልጆቻቸውን አርሴማንና ጽናትን፣ እህታቸውን ሙሉመቤትን፣ እጅግ ብዙ ተማሪዎቻቸውን፣ እንዲሁም ገደል ሥር የተቀመጠ አንድ ደብር ሙሉ ሕዝብ ትተዋል።

የዘመናት ጌታ፣ ቀመሩ የማይሳሳት አምላክ፣ የወንድማችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ናዳ ውስጥ የቀሩትን እናታችንን ባሉበት ያስባቸው። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ለእኛም ልቡና ይስጠን።

የአርባ ቀን መታሰቢያቸው በሰኔ መጨረሻ እዚሁ መቃብራቸው አጠገብ ይውላል። በዚያን ጊዜ ክረምቱ ገብቷል። ሣር አምባዎች፣ ለአርባው ስትመጡ እንጀራና ጠላ ተሸክማችሁ እንዳትመጡ ቤተሰቡ ይለምናችኋል፤ የቤታችሁን በርና ማገር ተሸክማችሁ ኑ።